ባልና ሚስት ሆናችሁ ኢየሩሳሌምን ለመሳለም በቡድን ስትሄዱ

ከሆሣዕና በፊት ባሉት ቀናት ከቦሌ ወደ ቴል አቪቭ ከሚነሡ መንገደኞች መካከል ነጠላ ያጣፉ ባልና ሚስቶች አይጠፉም። ልጆቻቸውን አሳድገው ለወግ ለማዕረግ ያበቁ፣ ስለታቸውን ሊያደርሱ የሚሄዱ፣ ልጆቻቸው ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ከፍለው የላኳቸው አሉ። አብዛኞቹ የሚጓዙት በቡድን ነው፤ ቋንቋውን ለማያውቅ ሰው የሚሻለውም እሱ ነው። ቪዛው፣ ሆቴሉ፣ አውቶቡሱ፣ አስጎብኚው ሁሉ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል።

በምትኩ ቡድኑ ከእናንተ የሚወስደው ነገር አለ። መቼ እንደምትነሡ፣ የት እንደምትበሉ፣ በየቅዱሱ ቦታ ስንት ደቂቃ እንደምትቆሙ የሚወስነው ሌላ ሰው ነው። ከማለዳ እስከ ማታ በሰው መካከል ስለምትውሉ ሁለታችሁ ብቻ የምትነጋገሩበት ጊዜ አይኖርም። አገር ቤት በዝምታ የምትግባቡበት ነገር እዚያ በድካምና በግርግር መካከል ቅሬታ ይሆናል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ነገሮች ሻንጣ ከመዘጋጀቱ በፊት ቤታችሁ ተቀምጣችሁ ጨርሷቸው።

መጀመሪያ፦ ምን እንደምትፈልጉ ተነጋገሩ

ሁለታችሁም አንድ ጉዞ እንደምትሄዱ አድርጋችሁ አታስቡ። ባል ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ማስቀደስ ይፈልግ ይሆናል፤ ሚስት ደግሞ ጌቴሴማኒ ላይ ጸጥ ብላ መቀመጥ ትሻ ይሆናል። እያንዳንዳችሁ ሳታዩ መመለስ የማትፈልጓቸውን ሦስት ቦታዎች በየወረቀታችሁ ጻፉና አስተያዩ። የጋራ የሆነውን አብራችሁ ታያላችሁ፤ የአንዳችሁ ብቻ የሆነውን ሌላው እንዲጠብቅ ወይም ከቡድኑ ጋር እንዲሄድ ከወዲሁ ፈቃድ ትሰጣጣላችሁ።

የጉልበትን ነገር ሳትደብቁ አንሡት። አሮጌዋ ኢየሩሳሌም ድንጋይና ደረጃ ናት። በጌቴሴማኒ ወደ እመቤታችን መቃብር ለመውረድ ብቻ ከ40 በላይ ደረጃ አለ፤ የወረዱትን መልሶ መውጣትም አለ። ፍኖተ መስቀል ጠባብ፣ ዳገታማና በሰው የተሞላ መንገድ ነው። ደብረ ታቦር ላይ ትልቅ አውቶቡስ ስለማይወጣ በትናንሽ መኪኖች ተቀያይሮ ይወጣል። ከሁለት አንዳችሁን ጉልበት፣ ልብ ወይም ስኳር የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ለሐኪም ተናገሩ፤ የሚወጣውንና የሚቀረውን ቦታ ቀድማችሁ ለዩ። በዕለቱ «አልችልም» ማለት የሚያሳፍራቸው ብዙ አባወራዎች አሉ፤ ሚስት ይህን ስለምታውቅ አስቀድማ ብትናገርለት ክብሩን ትጠብቅለታለች።

የንስሐ አባታችሁንም አማክሩ። ለመቁረብ የምታስቡ ከሆነ ዝግጅቱ ከአገር ቤት ይጀምራል። የሴት ልማድ ቀን ከበዓሉ ጋር እንዳይገጥም ብሎ ማስላትም ተገቢ ነው፤ ብዙ ባልና ሚስት በእፍረት ሳያነሡት ይቀሩና ቦታው ላይ ደርሰው ያዝናሉ። ቀኑ ቢገጥምም በረከቱ አይቀርባትም፤ ከቅጽሩ ቆማ ታስቀድሳለች። እንዲህ ባለ ቀን ባል ጥሏት ወደ ውስጥ ከመሮጥ ቢያንስ በአንዱ ቦታ አብሯት ውጭ ቢቆም እኔ እመርጣለሁ።

ሁለተኛ፦ ወኪሉንና ውሉን

የጉዞ ወኪል ስትመርጡ ፈቃዱን ጠይቁ፤ ባለፈው ዓመት አብረውት የሄዱ ሰዎችንም አነጋግሩ። በሰንበቴያችሁ ወይም በማኅበራችሁ ኢየሩሳሌምን የተሳለመ ሰው አይጠፋም፤ ከማስታወቂያ ይልቅ እሱን እመኑ።

ባልና ሚስትን በቀጥታ የሚመለከተው ጥያቄ የክፍል ነገር ነው። ብዙ የመንፈሳዊ ጉዞ ቡድኖች ወጪ ለመቀነስ ሦስት ሦስት ሰው በአንድ ክፍል ይመድባሉ፤ ወንዶች ከወንዶች፣ ሴቶች ከሴቶች። ባልና ሚስት መሆናችሁን የሚያውቅ አዘጋጅ እንኳ ሚስትን ከሁለት እናቶች ጋር፣ ባልን ከሌላ ወንድ ጋር ሊመድብ ይችላል። «አንድ ክፍል ለሁለታችን» የሚለው በውሉ ላይ በጽሑፍ ይግባ፤ የዋጋ ልዩነት ካለም አብሮ ይጻፍ። በሰሙነ ሕማማት የምትሄዱ ከሆነ ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ብትጠይቁ ለጾሙ ሥርዓትም ለዕረፍትም ይመቻል። ክፍሉን አጥብቃችሁ ያዙ ማለቴ ስለ ምቾት ብቻ አይደለም። መድኃኒት የሚያስታውሳችሁ፣ ያበጠ እግራችሁን የሚያሽላችሁ፣ ያያችሁትን የምትነግሩት ሰው ማታ አጠገባችሁ ሊኖር ይገባል። ማረፊያው ገዳም ከሆነ ግን ወንድና ሴት ለየብቻ የሚያድሩበት ሥርዓት ሊኖር ይችላል፤ ያን አክብራችሁ ሂዱ።

ቀጥሎ ገንዘብ የሚመለስበትን ሁኔታ ጠይቁ። ለባልና ሚስት ከባዱ ጉዳይ አንዱ ቪዛ አግኝቶ ሌላው ቢከለከል የሚሆነው ነው። ያገኘው ብቻውን ይሄዳል? የሁለቱም ገንዘብ ይመለሳል? ምን ያህሉ ይቆረጣል? መልሱ በቃል ሳይሆን በወረቀት ይሁን። ሁለተኛው የጸጥታ ጉዳይ ነው። ከመስከረም 2016 ዓ.ም. ወዲህ ወደ እስራኤል የሚደረጉ በረራዎች በተለያየ ጊዜ ተቋርጠዋል። በረራ ቢሰረዝ ጉዞው ይተላለፋል ወይስ ይቀራል፣ እዚያ እያላችሁ ቢዘጋስ የተጨማሪ ቀናቱን ሆቴል ማን ይከፍላል የሚለው በውሉ ውስጥ ካልተገለጸ አትፈርሙ። ከመነሣታችሁ በፊትም ያለውን ሁኔታ ከኤምባሲና ከአየር መንገዱ አረጋግጡ።

አንዳንድ ወኪሎች ተጓዡ ለመመለሱ መያዣ ወይም ዋስ ይጠይቃሉ፤ ሄደው የሚቀሩ ስላሉ ነው። የምትፈርሙትን አንብቡ፤ ዋስ የሚሆንላችሁ ዘመድም እንዲያነብ አድርጉ።

ሦስተኛ፦ ሰነድ

እዚህ ላይ የእኛ አገር ባልና ሚስት ከሌላው ዓለም የምንለይበት ነገር አለ። ሚስት የባሏን ስም አትወርስም፤ በአባቷና በአያቷ ስም ትጠራለች። ስለዚህ ፓስፖርታችሁን የሚያይ የሆቴል ሠራተኛም ሆነ የአየር መንገድ ኮምፒውተር ባልና ሚስት መሆናችሁን የሚያውቅበት ምልክት የለውም። ውጤቱ አንዳችሁ 12ኛ፣ አንዳችሁ 31ኛ መደዳ ላይ መቀመጥ ነው፤ ወይም ለየክፍሉ መመደብ። መፍትሔው ቀላል ነው። ወኪሉ የሁለታችሁን ቲኬት በአንድ የመያዣ ቁጥር እንዲያወጣ ጠይቁ፤ የጋብቻ ምስክር ወረቀታችሁን ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉማችሁና አረጋግጣችሁ አንዳንድ ቅጂ ያዙ። ለቪዛ ማመልከቻውም ይጠቅማል። በቤተ ክርስቲያን ብቻ ተጋብታችሁ ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ ወረቀት ያላወጣችሁ ከሆነ ጊዜ ስለሚወስድ ከሁሉ በፊት እሱን ጀምሩ።

ፓስፖርታችሁ ከጉዞው ቀን በኋላ ቢያንስ 6 ወር የሚያገለግል መሆን አለበት። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሚሄድ ቪዛ ግዴታ ነው። በአሜሪካ ፓስፖርት የሚጓዙ ከ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ በኢንተርኔት የሚሞላ የመግቢያ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል፤ ክፍያው 25 ሸክል ነው። አንዳችሁ የኢትዮጵያ፣ አንዳችሁ የአሜሪካ ፓስፖርት ከያዛችሁ መንገዳችሁ ለየቅል መሆኑን አትርሱ።

ቤን ጉሪዮን አውሮፕላን ማረፊያ ስትደርሱ ፓስፖርታችሁ ላይ ማኅተም አይመታም፤ ፎቶ ያለበት ትንሽ ወረቀት ይሰጣችኋል። እስክትወጡ ድረስ የመግቢያ ማስረጃችሁ እሱ ነውና ከፓስፖርታችሁ ጋር አኑሩት። አንዱ የሁለቱን ሰነድ ጠቅልሎ አይያዝ። ባል የሁለቱንም ፓስፖርት በኪሱ ይዞ በሕዝብ መካከል ቢለያዩ ሚስት በባዕድ አገር ያለ መታወቂያ ትቀራለች። እያንዳንዱ የራሱን ይያዝ፤ የሌላውን ፎቶ በስልኩ ያስቀምጥ።

አራተኛ፦ ገንዘብና ሻንጣ

ባንክ ለእያንዳንዱ ተጓዥ የሚሰጠውን የውጭ ምንዛሪ በየስማችሁ ጠይቁና ለሁለት ተካፍላችሁ ያዙ። የዕለት ወጪው በሸክል ነው። ለአስጎብኚውና ለሹፌሩ የሚሰጠው ጉርሻ በዋጋው ውስጥ መካተቱን ጠይቁ፤ ካልተካተተ ባሰባችሁት ወጪ ላይ ደምሩት። ለቤተ ክርስቲያን የምትሰጡትን፣ ለቤተ ዘመድ የምትገዙትን መስቀል፣ ሥዕል፣ ጧፍና መግነዝ ደግሞ በአንድ ዝርዝር ጻፉና ጣሪያ አብጁለት። በሱቅ በር ላይ ስለ ገንዘብ መከራከር የቡድኑን ዓይን ይስባል፤ ለሁለታችሁም ደስ አይልም።

ሻንጣ ስታዘጋጁ የእያንዳንዳችሁን ልብስ በሁለቱም ሻንጣ አከፋፍሉ። አንዱ ቢጠፋ ሁለታችሁም ቅያሪ አላችሁ። መድኃኒት ከሐኪም ማዘዣው ጋር በእጅ ቦርሳ ይሁን። ኢየሩሳሌም ተራራ ላይ ስለሆነች በሚያዝያም ምሽቱ ይበርዳል፤ ጋቢ አይቅር። ጫማ አዲስ አትግዙ፤ እግራችሁ የለመደውን ያዙ።

ስለ ምግብ አትሥጉ። ጾመኛ በዚያ አገር አይራብም፤ በሽምብራና በሰሊጥ የሚዘጋጀው ሁሙስ፣ ፈላፍልና ሰላጣ በየቦታው አለ። የሆቴሉ ቁርስ ግን እንቁላልና አይብ ስለሚበዛው ጾመኛ መሆናችሁን ወኪሉ ቀድሞ ያሳውቅ። የአይሁድ ፋሲካ ከገጠመ በአይሁድ ሆቴሎች እርሾ ያለው ዳቦ አይቀርብም፤ በቅዳሜያቸውም ከዓርብ ከሰዓት ጀምሮ በምዕራብ ኢየሩሳሌም ሱቅና የሕዝብ ትራንስፖርት ይዘጋል።

አምስተኛ፦ ፍተሻው

በእስራኤል ጉዞ የጸጥታ ጥያቄ ይበዛል፣ በተለይ ስትመለሱ። ባልና ሚስትን ለየብቻ መጠየቅ የተለመደ ነው። ሻንጣውን ማን አዘጋጀው? ዕቃ አድርሱልን ያላችሁ ሰው አለ? የት አደራችሁ? እዚህ የምታውቁት ሰው አለ? ጥያቄው ጥርጣሬ መስሏችሁ አትቆጡ፤ ለሁሉም ነው። የሆቴላችሁን ስምና የጉዞውን ቀናት ሁለታችሁም እኩል እወቁ። «እሱን ጠይቁት» የምትል ሚስትና «እሷ ናት የምታውቀው» የሚል ባል ረጅም ሰዓት ይቆማሉ። የማታውቁትን ሰው ዕቃ ለማንም ብላችሁ አትያዙ።

ስድስተኛ፦ መለያያና መገናኛ

መጀመሪያ ሰዓት። በበዓለ ትንሣኤ ወቅት የእስራኤል ሰዓት ከእኛ ጋር እኩል ነው፤ በልደትና በጥምቀት ሰሞን ግን 1 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። አስጎብኚው «8 ሰዓት» ሲል በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ለእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለት ነው። ማታ ማታ የነገውን መነሻ ሰዓት አንዳችሁ ለሌላው ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። አውቶቡስ ሙሉ ሰው ያስጠበቀ ባልና ሚስት ቀኑን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ይውላል።

በየደረሳችሁበት ቦታ ከአውቶቡስ ከመውረዳችሁ በፊት «ብንጠፋፋ እዚህ ጋ» የምትሉት ምልክት ለዩ። ሱቅ አትምረጡ፤ ይዘጋል። በር፣ ግንብ ወይም ትልቅ ዛፍ ይሻላል። የሆቴሉን አድራሻ የያዘ ካርድ በየኪሳችሁ ይኑር፤ የቡድን መሪውን ስልክ በወረቀትም ጻፉት። ሁለታችሁም የሚሠራ ስልክ ያዙ። ለድንገተኛ አደጋ ፖሊስ 100፣ አምቡላንስ 101 ነው።

ግድ የምትለያዩባቸው ቦታዎች አሉ። በምዕራባዊው ግንብ ወንድና ሴት የሚጸልዩበት ቦታ በአጥር የተለየ ነው፤ ወንዶችም ራሳቸውን ይሸፍናሉ። ከመለያየታችሁ በፊት የት እንደምትገናኙ አደባባዩ ላይ ቆማችሁ ተስማሙ። በእኛ አብያተ ክርስቲያናትም የወንድና የሴት መቆሚያ ለየብቻ ነው፤ የምታወልቁትን ጫማ በአንድ ፌስታል አድርጉና አንዳችሁ ያዙ።

ወደ ቤተልሔም ስትሄዱ ፓስፖርታችሁ ይኑር። ከተማዋ በፍልስጤም አስተዳደር ሥር ስለሆነች የፍተሻ ኬላ ታልፋላችሁ፤ እስራኤላዊ አስጎብኚም አብዛኛውን ጊዜ ስለማይገባ ሌላ አስጎብኚ ይቀበላችኋል። የልደት ቤተ ክርስቲያን በር እጅግ ዝቅተኛ ነው፤ ጎንበስ ብላችሁ ትገባላችሁ። ወደ ዋሻው ለመውረድ ወረፋው ስለሚረዝም ተያይዛችሁ ቁሙ።

በዮርዳኖስ የሚለበስ ነጭ ልብስ እዚያው ይሸጣል፤ ከአገር ቤት ብትወስዱ ግን ዋጋው ይቀንስላችኋል። አንዱ ሲጠመቅ ሌላው ዳር ቆሞ ዕቃ ይያዝ፣ ፎቶም ያንሣ። ሙት ባሕር የምትገቡ ከሆነ የጋብቻ ቀለበታችሁን አውልቃችሁ አስቀምጡ፤ ውኃው ስለሚያንሸራትት ሊወልቅ ይችላል፣ የብር ከሆነ ደግሞ ይጠቁራል። ፊታችሁን አታስነኩ፤ ብዙም አትቆዩ፤ ወጥታችሁ በንጹሕ ውኃ ታጠቡ።

ሰባተኛ፦ ቃና ዘገሊላ

ለባልና ሚስት ከገሊላ ቦታዎች ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ። ጌታችን በሠርግ ቤት ተገኝቶ ውኃውን ወይን ጠጅ ባደረገበት መንደር ዛሬ የፍራንቸስኮ መነኮሳት ቤተ ክርስቲያንና የግሪክ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አሉ። ከመላው ዓለም የሚመጡ ባልና ሚስቶች እዚያ የጋብቻ ቃላቸውን ያድሳሉ። እኛ ዘንድ ምሥጢረ ተክሊል አይደገምም፤ ስለዚህ ከቡድኑ ጋር የሚሄድ ካህን ካለ ቀድማችሁ ንገሩትና በቦታው ጸሎት አድርሶ ይባርካችሁ። ይህ በብዙ የጉዞ መርሐ ግብር ላይ በ30 ደቂቃ የሚታለፍ፣ ጊዜ ሲያጥር መጀመሪያ የሚሰረዝ ቦታ ነው። ቃና መኖሩን ከመፈረማችሁ በፊት አረጋግጡ። በጥምቀት ሰሞን የምትሄዱ ከሆነ ጥር 12 እዚያ ለመድረስ ጠይቁ፤ በዓሉ የዚያን ዕለት ነው።

ስምንተኛ፦ ሰሙነ ሕማማትና ዴር ሡልጣን

የጉዞው ከባዱም ትልቁም ክፍል ይህ ነው። ዴር ሡልጣን ከጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጎን ከቅድስት ዕሌኒ ጸሎት ቤት ጣሪያ በላይ ያለ፣ አባቶቻችን በትናንሽ የጭቃ ጎጆዎች እየኖሩ የጠበቁት ገዳማችን ነው። የአርባዕቱ እንስሳና የቅዱስ ሚካኤል ሁለት ጸሎት ቤቶች ወደ ጎልጎታው አደባባይ ያወርዳሉ። ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቁልፉ በኢትዮጵያውያን መነኮሳት እጅ ነው፤ ከኮፕቶች ጋር ያለው ክርክር ግን አልተዘጋም። ይህን የምነግራችሁ ለመሄድ ስትዘጋጁ ታሪኩን እንድታነብቡ ነው። እዚያ ጣሪያ ላይ ስትቆሙ በማን ትዕግሥት እንደቆማችሁ ማወቅ አለባችሁ።

በቀዳም ስዑር ቅዱሱ ብርሃን ከጌታ መቃብር የሚወጣበት ሰዓት ሕዝቡ ከልክ ያለፈ ነው። ፖሊስ የሚገባውን ሰው ቁጥር ይገድባል፤ መንገዶችም ይዘጋሉ። እዚያ ግርግር ውስጥ እጅ ለእጅ ተያይዞ መቆየት አይቻልም። ደካማ የሆነው ሆቴል ቢቀር ወይም በቀጥታ ወደ ዴር ሡልጣን ቢሄድ ይሻላል። ማታ በጣሪያው ላይ በድንኳን፣ በከበሮና በጧፍ የሚደረገውን የእኛን ሥርዓት ሁለታችሁም አብራችሁ ትደርሱበታላችሁ፤ እኔ ብጠየቅ ከቀኑ ግፊያ ይልቅ ለዚህ ሌሊት ጉልበታችሁን አቆዩ እላለሁ።

ለሁለታችሁ ብቻ አንድ ጎሕ ፈልጉ። ሆቴላችሁ ለአሮጌው ከተማ ቅርብ ከሆነ የጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ከንጋቱ 11 ሰዓት ገደማ ክፍት ነው። ከዘመናት ጀምሮ ቁልፉን የሚይዙትና በሩን የሚከፍቱት ሁለት የሙስሊም ቤተሰቦች ናቸው። ቀን ላይ ረጅም ወረፋ የሚጠይቀው የጌታ መቃብር በዚያ ሰዓት ከሌላው ጊዜ ሰው ይቀለዋል። ለቡድን መሪው ተናግራችሁ ሂዱና ለቁርስ ተመለሱ። ከሰዓት የዕረፍት ጊዜ ከተሰጣችሁ ደግሞ በኢትዮጵያ ጎዳና ያለውን ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረትን ተሳለሙ፤ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ተጀምሮ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የተጠናቀቀ፣ ቅጽሩ ጸጥ ያለ ቦታ ነው።

ዘጠነኛ፦ ከቡድኑ ጋር መኖር

ሁልጊዜ ሁለት ሆናችሁ አትገለሉ። በጉዞው ውስጥ ባላቸው የሞተባቸው እናቶችና ብቻቸውን የመጡ አባቶች ይኖራሉ፤ በማዕድ አጠገባችሁ አስቀምጧቸው፣ በደረጃው ላይ ክንዳቸውን ያዙ። የተጣላችሁ እንደሆነ አስጎብኚውንም የቡድን መሪውንም ዳኛ አታድርጉ፤ እስከ ማታ አቆዩት። እስራኤል ውስጥ የሚኖሩ ዘመዶቻችሁ ሊወስዷችሁ ቢመጡ ለመሪው ሳትናገሩ አትሂዱ፤ የገባችሁት በቡድን ነውና የእናንተ መጥፋት ሁሉንም ያስጨንቃል፣ የሚቀጥለውን ዓመት ተሳላሚም ቪዛ ያስከለክላል።

ለመመለሻው በረራ ከመነሻው 3 ሰዓት ቀድማችሁ አውሮፕላን ማረፊያ ድረሱ። የዮርዳኖስን ውኃና ዘይቱን በሚጫነው ሻንጣ ክተቱ፤ በእጅ ቦርሳ ብዙ ፈሳሽ ላያሳልፉ ይችላሉ።

ለመጪው ትንሣኤ ለመሄድ ካሰባችሁ የጋብቻ ወረቀት ማስተርጎሙን፣ ፓስፖርት ማሳደሱንና ከወኪሉ ጋር መነጋገሩን ጥምቀት ሳይደርስ ጀምሩ።